የአንድ ሆስፒታል አገር እስከ ወዴት ይደርሳል?

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ማታ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ ለሰሚው ደረቅ የጽሕፈት ቤት ነገር ሊመስል ይችላል። በጤና መሥሪያ ቤቶች ሠንጠረዥ ውስጥ የሆስፒታሉን የአገልግሎት ወሰን የምታሳይ አንዲት ዓምድ አለች። በዚያች ዓምድ ሥር የወረዳዎች ስምና አንድ ቍጥር ይጻፋል፤ ይፈረማል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ዓምድ ይታለፋል። እኔም በሥራዬ ምክንያት እንዲህ ያሉትን ሠንጠረዦች ለራዲዮ በሚመች ቋንቋ ሳዘጋጅ ብዙ ጊዜ አልፌባታለሁ። ምን ያህል ነገር እንደ ተሸከመች ያስተዋልሁት ግን ዘግይቼ ነው። የመድኃኒቱ መጠን፥ የአልጋው ቍጥር፥ የአምቡላንሱ ነዳጅ፥ የአዋላጅ ነርሷና የቀዶ ጥገና ባለሙያው ቅጥር፥ ይህ ሁሉ ሲታቀድ መነሻው በዚያች ዓምድ ላይ የተጻፈው ቍጥር ነው። ቍጥሩ የተሳሳተ እንደ ሆነ፥ ከርሱ በኋላ የሚደመረውና የሚባዛው ሁሉ ይሳሳታል።

ይህን የምትሰሙኝ አብዛኞቻችሁ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ናችሁ። ከእናንተም አንዳንዶቹ ይህችን ዓምድ ይሞላሉ፤ ሌሎቹ ይፈርሙባታል፤ የቀሩት በርሷ መሠረት በጀት ይደለድላሉ። ስለዚህ ጥቂት ጊዜያችሁን ብጠይቅ ይቅርታ እንደምታደርጉልኝ አምናለሁ።

አስቀድመን ስለ ቃሉ እንነጋገር። የጤና ባለሙያዎች አንድ ሆስፒታል ኃላፊነት የሚወስድለትን አገርና ሕዝብ በተለምዶ «ካችመንት» ይሉታል። ይኸው ቃል በወንዝና በዝናብ ትምህርት በእኛ ቋንቋ ተፋሰስ የምንለው ነው፤ ዝናቡ ዘንቦ ውሃው ወደ አንድ ወንዝ የሚገባበት አገር ማለት ነው። የደቡብን ቆላ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ገናሌና ዳዋ ከደጋው ተነሥተው ቆላውን አቋርጠው በዶሎ አጠገብ ይገናኙና ጁባ ተብለው ወደ ሶማልያ ይወርዳሉ። ውሃው ሲወርድ የወረዳና የዞን ድንበር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቍልቍለቱን ብቻ ነው። በሽተኛም እንደዚሁ ነው። የርሱ ቍልቍለት መንገዱ ነው፤ መኪና የሚገኝበት የገበያ ቀን ነው፤ ዘመድ ያለበት ከተማ ነው፤ ቋንቋውን የሚሰማ አስታማሚ ነው፤ በኪሱም ያለው ገንዘብ ነው። እንግዲህ የሆስፒታልን ወሰን መወሰን ማለት ይህን ቍልቍለት አጥንቶ ማወቅ ማለት ነበር። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከካርታው ነው።

በአገራችን ይህ አሳብ እንዴት እንደ መጣ ባጭሩ ልናገር። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የተቋቋመው በ1940 ዓ.ም. ነው። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፍቶ የጤና መኰንኖችን፥ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ሠራተኞችን በአንድነት ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ የወጡት ወጣቶች በቡድን ሆነው ወደ የጤና ጣቢያው ሲላኩ የተሰጣቸው ትእዛዝ በደጃቸው የተሰለፈውን በሽተኛ እንዲያክሙ ብቻ አልነበረም። ባልተሰለፈውም፥ በዙሪያው ባለው ሕዝብ ሁሉ ጤና እንዲጠየቁ ነበር። የአገልግሎት ወሰን የሚባለው ነገር ሥሩ ይኸው ነው፤ ያልመጣውን ሰው ጭምር በኃላፊነት መቍጠር።

ከዚያ ወዲህ ቍጥሩና ደረጃው ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በደርግ ዘመን ሕክምናው በስድስት ደረጃ የተዘረጋ ሲሆን «የገጠር ሆስፒታል» ከደረጃዎቹ አንዱ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ደረጃውን ወደ አራት አወረደው፤ የወረዳ ሆስፒታል ለ250,000፥ የዞን ሆስፒታል ለ1 ሚሊዮን፥ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለ5 ሚሊዮን ሕዝብ ይሁን ተባለ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በተሠራበት አደረጃጀት ደግሞ ደረጃው ሦስት ሆኖ፥ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፥ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፥ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፥ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን፥ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ተመደበ።

አድማጮቼ ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ የተነገረው የሕዝብ ቍጥር ነው። ስለ ኪሎ ሜትርና ስለ ሰዓት የተነገረ ነገር የለም። ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ በሰፈረበት ደጋ ይህ ብዙ ጉዳት የለውም፤ በቆላው ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በቀላል ሒሳብ ላሳያችሁ። አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል 100,000 ሰው ተመደበለት እንበል። በእያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሰው በሚኖርበት አገር፥ ይህ ሕዝብ የሚኖረው በ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሆስፒታሉን መካከል ላይ አቁመን ክብ ብንሠራለት፥ ከዳር ያለው ሰው በቀጥታ መስመር 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በካሬ ኪሎ ሜትር 10 ሰው ብቻ በሚኖርበት አገር ግን ይኸው 100,000 ሕዝብ በ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ተበትኗል። የዳሩ ሰው ርቀት ወደ 56 ኪሎ ሜትር ያድጋል፤ ከሕዝቡም እኩሌታው ከ40 ኪሎ ሜትር ወዲያ ይቀራል። በእግር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ጤነኛ ሰው 40 ኪሎ ሜትር የ8 ሰዓት መንገድ ነው። ያ ጤነኛ ሰው ነው እንግዲህ፤ ሆስፒታል የሚፈልገው ግን ጤነኛው አይደለም። በሠንጠረዡ ላይ ሁለቱ ሆስፒታሎች አንድ ዓይነት ቍጥር፥ አንድ ዓይነት ደረጃ፥ አንድ ዓይነት በጀት አላቸው።

ሌላም ነገር ልጨምር። በሪፖርቶቻችን የጤና አገልግሎት ሽፋን እየተባለ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው መቶኛ የሚወጣው፥ የጤና ተቋማቱን ቍጥር ለእያንዳንዱ በተመደበው ሕዝብ አባዝቶ ለጠቅላላው ሕዝብ በማካፈል ነው። 100,000 ሕዝብ ያለው ወረዳ አራት ጤና ጣቢያዎች ቢኖሩት፥ ለያንዳንዱ 25,000 ተቈጥሮ ሽፋኑ 100 በመቶ ይባላል። አራቱም ጤና ጣቢያዎች በአንድ አውራ ጐዳና ላይ ተደርድረው ቢገኙ ቍጥሩ አይለወጥም። ሽፋኑ ሙሉ ነው፤ የተሸፈነው ግን ወረቀቱ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ያሉት አበው እንዲህ ያለውን ሽፋን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

አሁን ወደ ነገሌ ቦረና ልውሰዳችሁ። ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በታሪክ ስሟ በተደጋጋሚ ተነሥቷል፤ በጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር የራስ ደስታን ሠራዊት ገፍቶ የያዛት ከተማ ናት፤ በጥር 1966 ዓ.ም. ደግሞ በዚያ የሰፈረው የጦር ክፍል በምግብና በውሃ ችግር ምክንያት ያነሣው ዐመፅ የአብዮቱ መቅድም ሆኖ ይጠቀሳል። ውሃ በዚያ አገር የሰውን አሰፋፈርና ጕዞ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትንም ዕድል እንደሚወስን ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ይህች ከተማ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የአስተዳደር ቤቷን ስንት ጊዜ እንደ ለወጠች ተመልከቱ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የቦረና አውራጃ ከተማ ነበረች። በኋላ በኦሮሚያ ክልል የቦረና ዞን አካል ሆነች፤ በ1995 ዓ.ም. የጉጂ ዞን ሲቋቋም የዚያ ዋና ከተማ ሆነች፤ የቦረና ዞን መቀመጫም ያቤሎ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የምሥራቅ ቦረና ዞን ተመሥርቶ ነገሌ መቀመጫው ተባለች፤ ይህም በአካባቢው ብዙ ክርክር አስነሣ። እኔ ስለ አስተዳደሩ ክርክር ለመናገር አልተነሣሁም፤ ይህ የሌሎች ሥራ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ዞኑ በተለወጠ ቍጥር ሆስፒታሉ ተነሥቶ ሄዷልን? አልሄደም። የበሽተኛው መንገድስ ተለውጧልን? አልተለወጠም። ሊበን ሜዳ ላይ ያለ ሰው ትናንት በሄደበት መንገድ ዛሬም ይሄዳል። የአገልግሎት ወሰኑን ከአስተዳደር ወሰኑ ጋር አንድ አድርገን ያሰርን እንደ ሆነ ግን፥ በአንድ ቀን ደብዳቤ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ከአንዱ ሆስፒታል ሠንጠረዥ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። መድኃኒቱና በጀቱ ቍጥሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ በሽተኛው ግን መድኃኒቱ ወደ ተነሣበት ቤት መምጣቱን ይቀጥላል።

በስተ ምሥራቅ ያለውንም እንይ። ፊልቱ የምትገኘው በሶማሌ ክልል በሊበን ዞን ነው። የክልሉ ዋና ከተማ ጅግጅጋ ከዚያ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ነገሌ ግን በዚያው መንገድ ላይ ያለች ጎረቤት ናት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ተረት ለበሽተኛ የተነገረ ይመስላል። በስተ ደቡብ ደግሞ ሞያሌ አለች። ይህች ከተማ በሁለት መንግሥታት መካከል የተከፈለች ስትሆን፥ በኢትዮጵያ በኩል ያለው ክፍሏም በሁለት ክልሎች ይገባኛል ይባላል። ከወሰኑ ወዲህም ወዲያም ሆስፒታል አለ፤ ሕዝቡም ለገበያና ለለቅሶ እንደሚሻገር ሁሉ ለሕክምናም ይሻገራል። የሞያሌን የአገልግሎት ወሰን በካርታ ላይ ብቻ ለማስመር የሚነሣ ጸሐፊ ገና ብዕሩን ሳያነሣ ሦስት ድንበሮች ይገጥሙታል፤ በሽተኛው ግን አንዱንም አያይም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1854 በለንደን ከተማ በብሮድ ስትሪት አካባቢ ኮሌራ ገብቶ ሕዝቡን ሲፈጅ፥ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም በሽታው ከአንድ የውሃ መቅጃ እንደ መጣ ለማሳየት ካርታ ሠራ። በካርታውም ላይ አንድ መስመር አሰመረ። መስመሩ የከተማው አስተዳደር ድንበር አልነበረም፤ በእግር በሚኬድበት መንገድ ቢለካ ያ መቅጃ ከሌሎቹ መቅጃዎች እኩል የሚርቅበትን ቦታ የሚያሳይ ነበር። ከመስመሩ ወዲህ ያለው ሰው ከዚህ ይቀዳል፤ ከመስመሩ ወዲያ ያለው ከሌላው ይቀዳል ማለት ነው። ሞቱም አብዛኛው ከመስመሩ ወዲህ ሆነ። ይሁን እንጂ ከዚያ ርቃ የምትኖር አንዲት መበለት በዚያው በሽታ ሞታ ተገኘች። ነገሩ ቢመረመር የብሮድ ስትሪትን ውሃ ጣዕሙን ስለ ወደደች እያስመጣች ትጠጣ ኖሯል። ስኖው ከዚህ የተማረውን እኛም እንማር፤ መስመሩ በእግር መንገድ ይለካ፤ ከመስመሩ ውጭ የተገኘው ሰው ደግሞ ምክንያቱ ይጠየቅ እንጂ እንደ ስሕተት ተቈጥሮ አይሰረዝ።

እንዲሁም በአሜሪካ ኤድዋርድ ጃርቪስ የተባለ ሐኪም በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎችን መዝገብ መርምሮ፥ ለሆስፒታሉ ቅርብ ከሆነው አገር ብዙ በሽተኛ እንደሚመጣ፥ ርቀቱ በጨመረ መጠን የመጪው ቍጥር እንደሚቀንስ አሳየ። ሩቁ አገር በሽተኛ አጥቶ አልነበረም፤ የጐደለው የመጪው ቍጥር ብቻ ነበር። እንግዲህ ከአንድ ወረዳ ጥቂት ሰው ሲመጣ «ጤነኛ ወረዳ ነው» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው።

የቦረናን ቆላ ከለንደን የሚለየው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ሕዝቡ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፤ ትንሹ ዝናብ ደግሞ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ይመጣል። በመካከሉ በሚመጣው የድርቅ ወራት ሕዝቡ ወደ ጥልቆቹ የቱላ ጕድጓዶች ይሰበሰባል። ወተት የሚሰጡት ከብቶች ከቤተሰቡ ጋር «ዋራ» ሲቀሩ፥ የቀሩትን ወጣቶቹ ይዘዋቸው «ፎራ» ርቀው ይሄዳሉ። አንድ የካርድ ክፍል ጸሐፊ ለአንድ ሽማግሌ «አባቴ፥ ቀበሌዎ የት ነው?» ቢላቸው፥ «ልጄ፥ የዝናቡን ጊዜ ነው የምትጠይቀኝ ወይስ የድርቁን?» ብለው ቢመልሱለት ቀልድ አይሆንም። ጥያቄያቸው ከጸሐፊው ጥያቄ ይልቅ ትክክል ነው።

ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. በተከታታይ አምስት የዝናብ ወራት ሳይዘንብ ሲቀር፥ በቦረና ብዙ ከብት አለቀ፤ ከብቱ ያለቀበት ሰው ቀዬውን ለቅቆ እንደ ዱብሉቅ ባሉ ቦታዎች በመጠለያ ተሰበሰበ። በዚያን ጊዜ በሠንጠረዡ ላይ ብዙ ሕዝብ ያለው ቀበሌ ባዶ ሆኖ፥ ጥቂት ሕዝብ የነበረው ቦታ ከተማ አክሎ ነበር። የምንሠራበት የሕዝብ ቍጥር ደግሞ መሠረቱ በ1999 ዓ.ም. የተደረገው ቈጠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ስሌት ነው። በስሌት የተገኘ ሕዝብ ድርቅ ሲመጣ አይሰደድም፤ እውነተኛው ሕዝብ ግን ይሰደዳል።

ይህ ሁሉ በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያደርስ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ከዳዋ ወንዝ ማዶ በዋጪሌ ገጠር የምትኖር አንዲት ነፍሰ ጡር እናስብ። ምጥ ከጀመራት አንድ ሌሊት አልፏል፤ ልጁ አልወርድ ብሏል። በወረቀቱ መሠረት የምትላክበት ሆስፒታል ከወንዙ ወዲያ ነው እንበል። ዝናቡ ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። በሌላው አቅጣጫ ግን ወደ ዱብሉቅ ገበያ ከብት የሚጭን መኪና በማለዳ ይነሣል፤ ከዚያ እስከ ያቤሎ አስፋልት ነው። ባሏና ሽማግሌዎቹ የትኛውን ይምረጡ? ልባቸው መኪናውን ይመርጣል። ነገር ግን የጤና መድን ደብተሯ የሚሠራው በተመደበላት መንገድ ነው፤ አምቡላንሱ ከዞኑ እንዲወጣ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የሪፈር ወረቀቷም የተጻፈው ለዚያኛው ሆስፒታል ነው። ምክክሩ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ስልኩ ሁለተኛውን ሰዓት ይወስዳል። የእናቶችን ሞት ያጠኑ ሊቃውንት መዘግየቱ ሦስት ዓይነት ነው ይላሉ፤ ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፥ በመንገድ መዘግየት፥ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። በእኛ ምሳሌ አንድ አራተኛ መዘግየት ተጨምሯል፤ እርሱም የወሰኑ መዘግየት ነው። በ2007 ዓ.ም. ስለ ዓለም የቀዶ ሕክምና ጉዳይ የተሰበሰበው የላንሴት ኮሚሽን፥ አብዛኛው ሕዝብ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደ ቀዶ ጥገና ማዋለድ ያለውን ሕክምና ወደሚሰጥ ተቋም ሊደርስ ይገባዋል ብሎ ነበር። የእኛ ሴት ሁለቱን ሰዓት የጨረሰችው ገና ከቤቷ ሳትወጣ ነው።

ከዚህም የሚብሰው ከሞተች በኋላ የሚሆነው ነው። በቤቷ ከሞተች በአንዱም ሆስፒታል መዝገብ አትገባም። የሁለቱም ሆስፒታሎች የዓመት ሪፖርት ያለ እርሷ ያማረ ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ከጤና ባለሙያዎች ሥራ የተረዳሁትን በአምስት ነጥብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሥራው ከካርድ ክፍሉ መዝገብ ይጀመር። በመዝገቡ ላይ የበሽተኛው ወረዳና ቀበሌ ይጻፋል። የአንድ ሙሉ ዓመት መዝገብ፥ ዝናቡም ድርቁም ያለበት፥ በየቀበሌው ተለይቶ ይቈጠር። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ከ1,000 ሰው ስንት እንደ መጣ ይሰላ። ቍጥሩ በድንገት የሚወድቅበት ቦታ እርሱ የሆስፒታሉ እውነተኛ ዳር ነው። የማይመጡት ሰዎች ወደ ሌላ ሆስፒታል ሄደው እንደ ሆነ ወይም በቤታቸው ተኝተው እንደ ሆነ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ይጠየቅ።

ሁለተኛ፤ ርቀቱ በሰዓት ይለካ፤ እርሱም ሁለት ጊዜ፥ አንድ ጊዜ በደረቅ ወር፥ አንድ ጊዜ በዝናብ ወር። ለዚህ ታላቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የአምቡላንሱ ሾፌር የጕዞ መዝገብ ይበቃል። መንገዱን ከሾፌሩ የተሻለ የሚያውቅ መሐንዲስ አላየሁም።

ሦስተኛ፤ ለአንድ ሆስፒታል አንድ መስመር አይበቃውም። ድንጋይ ወደ ኩሬ ሲጣል የውሃው ክብ አንዱ ከሌላው ውጭ እየሰፋ እንደሚሄድ፥ የሆስፒታልም ወሰን እንደ ሥራው ይለያያል። ለተራው የተመላላሽ ሕክምና የከተማውና የአቅራቢያው ሰው ነው፤ ለምጥና ለደም መፍሰስ በሁለት ሰዓት የሚደረስበት አገር ነው፤ ለቀዶ ሕክምና ከዚያ የሰፋ ነው። ነገሌ እንደ አጠቃላይ ሆስፒታልነቱ ሰፊ አገር ቢመደብለትም፥ ለምጥ የሚሆነው ወሰን ከዚያ እጅግ የጠበበ ነው። ከዚያ ጠባብ ወሰን ውጭ የቀረው አገር የማን እንደ ሆነ በስም መጻፍ አለበት።

አራተኛ፤ ወሰኖች መደራረባቸው አያስፈራን። ከዳዋ ማዶ ያለው ቀበሌ በዝናብ ጊዜ የያቤሎ፥ በደረቅ ጊዜ የነገሌ ቢባል ምን ይጐዳል? የዞንና የክልል ጤና ቢሮዎች በየዓመቱ ተቀምጠው ይህን በጽሑፍ ቢስማሙ፥ የሪፈር ወረቀቱና የመድን ደብተሩ በሁለቱም በኩል ቢከበር፥ ያቺ ሴት ሁለቱን ሰዓት ባላጣች ነበር።

አምስተኛ፤ ሆስፒታሉ መድረስ በማይችልበት አገር ሰውየው አስቀድሞ ወደ ሆስፒታሉ የሚቀርብበት ዘዴ ይፈለግ። በዚህ ነገር ከራሳችን አገር ጥሩ ምሳሌ አለን። በጉራጌ አገር የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል በ1960ዎቹ ዓ.ም. የእናቶች ማቆያ አቋቁሞ፥ የሚያሠጉ ነፍሰ ጡሮች ከመውለዳቸው በፊት መጥተው በአጠገቡ እንዲቀመጡ አደረገ። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የ22 ዓመት መዝገቡ በተመረመረ ጊዜ፥ በማቆያው አልፈው ከወለዱት መካከል የሞቱት እናቶች ከ100,000 ሕያው ልደት 90 ያህል ሲሆኑ፥ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። በቀጥታ የመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ስለ ሆኑ ሁለቱን ቍጥሮች እንደ እኩያ ማመሳከር አይገባም፤ ቢሆንም ልዩነቱ ሩቅ ላለች ሴት ቀድሞ መቅረብ ምን ማለት እንደ ሆነ ያሳያል። ለቆላው ግን ነገሩን እንደ አገሩ ማስማማት ያስፈልጋል፤ ወተትና እንጨት የሌለበት ማቆያ፥ ልጆቿንና ላሟን ትታ የመጣችን ሴት ሳምንት አያቈያትም። ከብቱን ተከትሎ ለሚሄደውም ሕዝብ በሶማሌና በአፋር የተለመደው ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድን፥ የውሃውን ጕድጓድ እንደ ሆስፒታሉ ደጅ ቈጥሮ እንዲሠራ ሊደረግ ይችላል። የድርቅ ወር ሲመጣ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ቦታ የታወቀ ነውና።

አንዳንዶች «ወሰኑ እንዲህ ከላላ ሆስፒታሉ በሰው ብዛት ይጨናነቃል፤ አንዱ ሰው ሁለት ቦታ ይቈጠራል፤ በጀቱም ይምታታል» ይሉ ይሆናል። ይህ ከንቱ ሥጋት አይደለም። ደረጃውን ዘልሎ የሚመጣ ቀላል በሽተኛ በእውነት የከባዱን ቦታ ይይዛል፤ በመድኑም ሥርዓት ከጤና ጣቢያ መጀመር የታዘዘው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ይህ ሥርዓት የተሠራው ለሚጠብቅ በሽታ ነው። ምጥና የደም መፍሰስ፥ የእባብ ንክሻና ትኵሳቱ ወደ አእምሮው የወጣ ሕፃን አይጠብቁም። ለእነዚህ በሩ ከየትኛውም ወገን ክፍት ይሁን፤ ሒሳቡ በኋላ በቢሮዎቹ መካከል ይተሳሰብ። ሁለት ጊዜ የተቈጠረን ሰው ከመዝገብ መሰረዝ በአንድ ቀን የሚሠራ ሥራ ነው፤ አንድም ጊዜ ሳይቈጠር የሞተውን ግን የሚመልሰው የለም።

ደግሞ መልካም የሆነውን ሳልናገር አላልፍም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል፤ ነገሌ ቦረናም የመድኃኒት አቅራቢው አገልግሎት ቅርንጫፍ የተከፈተባት ከተማ ናት። የቀረው፥ ይህ ሁሉ ለማን እንደ ሆነ በትክክል መጻፍ ነው።

አድማጮቼ፤ ንግግሬን ልፈጽም። ወሰን የሚለው ቃል በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚሰማው በክርክርና በጠብ ነው፤ ይህ የእኔ ነው፥ ያ የአንተ ነው ለማለት። የሆስፒታል ወሰን ግን ከዕዳ ጋር ይመሳሰላል። በዚህ መስመር ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፥ መጣም ቀረም፥ የምጠየቅበት ነው ብሎ ሆስፒታሉ የሚፈርምበት ሰነድ ነው። ነገ ጧት ከእናንተ አንዱ በጠረጴዛው ላይ ያችን ዓምድ ቢያገኛት፥ ከመፈረሙ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲጠይቅ አደራ እላለሁ፤ «ከዚህ መስመር ወዲያ ያለው ሰው በየትኛው ሠንጠረዥ ላይ ተጽፏል?» መልሱ «በሌላው ሠንጠረዥ» ከሆነ ያንን ሠንጠረዥ አስመጥቶ ይመልከት። መልሱ «አላውቅም» ከሆነ ግን ብዕሩን ጥቂት ያቈየው።